አብዛኛውን ሌሊት የሚያድርበት

እናቴ ሰው ቆጣሪ የሆነችው እኔ ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በጸደይ ወራት ነው። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሌንዌል ጓንት ፋብሪካ አውራ ጣት ስትሰፋ ኖራለች። አውራ ጣት ብቻ። ሌሎቹን ጣቶች ሌሎች ሴቶች ይሰፏቸዋል፤ ጓንቱ እሷ ዘንድ ሲደርስ የጎደለውን ቀጥላ ታሳልፈዋለች። ፋብሪካው የተዘጋ ዕለት ወደ ቤት መጣችና ያገኘችውን ጓንት ሁሉ፣ የአባቴን፣ የእኔን፣ የራሷንም ሳይቀር ሰብስባ ጓሮ ባለው በርሜል ውስጥ አቃጠለችው። በዚያ ክረምት በረዶ የጠረግነው እጃችን ላይ ካልሲ አጥልቀን ነው። እኔ ጨዋታ መስሎኝ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሌንዌል አዮዋ ውስጥ በበቆሎ እርሻ መሃል የተቀመጠች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ሩብ ሰዓት የማትፈጅ ከተማ ናት። ፋብሪካው ሲዘጋ የቀረው ሥራ ሰባ ማይል ርቆ፣ ዳንፎርዝ በሚባል ከተማ ያለው የአሳማ ማረጃ ብቻ ሆነ። ሰውም ወደዚያ ይጎርፍ ጀመር። ጎህ ሳይቀድ የመኪና በሮች እዚህም እዚያም ድው ድው ይላሉ፤ ከዚያ መብራታቸውን ያበሩ መኪኖች ተከታትለው በዋናው መንገድ ይወጣሉ። እኔ ግንባሬን መስተዋቱ ላይ ለጥፌ አያቸዋለሁ። የሚሄዱት ደስ የሚል ቦታ ይመስለኝ ነበር። እኛ ልጆቹ እንሂድ ብለን እንዳናስቸግር፣ ሳንነቃ ተደብቀው የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ላይል ኬስለር ይባላል። የሚሄደው ከጎረቤታችን ከቨርን ጋር ነበር። ቨርን ይነዳል፤ አባቴ ጋቢና ይቀመጣል፤ ከኋላ የዲሎን ወንድማማቾች ተደጋግፈው ይተኛሉ። ዘጠና ደቂቃ መሄጃ፣ ዘጠና ደቂቃ መመለሻ። ማታ እራት ላይ አባቴ ሹካውን እንደያዘ እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል። እናቴ ሹካውን ከእጁ ቀስ ብላ ታላቅቅና «ላይል፣ ተነሥ፣ አልጋህ ውስጥ ግባ» ትለዋለች። እሱም ዓይኑን ሳይገልጥ «ደረስን እንዴ?» ይላል። ይሄን ሁልጊዜ እያነሳን እንስቅበት ነበር።

በመከር ወራት ድካሙ ሲብስበት ዳንፎርዝ አንድ ክፍል ተከራየና ሳምንቱን እዚያ እያደረ ዓርብ ዓርብ መምጣት ጀመረ። ልብሱ በረኪና ይሸታል፤ ከበረኪናው ሥር ደግሞ ጣፈጥ የሚል የስብ ሽታ አለው። ቅዳሜ ቁርስ ላይ የማርማላታውን ጠርሙስ ወደ እኔ ገፋ ያደርግና «እስቲ ክፈቺው፤ ጉልበትሽን ልየው» ይለኛል። ስከፍተው «ኧረ ጉድ! ማርቫ፣ ይቺን ልጅ ማረጃው ይቅጠራት!» እያለ ወደ እናቴ ዞሮ ይስቃል። የሸሚዙን ቁልፍም እኔ እቆልፍለታለሁ፤ የጫማውንም ክር እኔ አስርለታለሁ። የሚያጫውተኝ መስሎኝ ነበር። ቀኝ እጁ ቀኑን ሙሉ በአንድ ቢላ አንዱን አቆራረጥ ሲደጋግም ደንዝዞ፣ ጣቶቹ መጨበጥ እንዳቃታቸው ያወቅኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

የካቲት ላይ ዓርብ መምጣቱን ተወ። እሑድ እሑድ ግን ይደውላል።

«ትርፍ ሰዓት ነው፣ ጫጩቴ። ቅዳሜም እያሠሩን ነው።»

«ስንት አሳማ አረድክ?»

«ኧረ ቆጥሬም አልዘልቀው!»

ከኋላው የከባድ መኪና ድምፅ ይሰማል። ማረጃው መንገድ ዳር ነው ብዬ አሰብኩ።

በመጋቢት አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ቨርን ወደ ቤታችን መጣ። ሌላ ጊዜ ገና ከበር «ፖሊስ ነው፣ ክፈቱ!» እያለ የሚገባ ሰው፣ ያን ዕለት በረንዳው ላይ ቆሞ እግሩን ሲያራግፍ ቆየ። ጥቁር ላስቲክ ይዟል። ውስጡ የአባቴ ነጭ ቦት ጫማ፣ ከብረት መረብ የተሠራው የሥራ ጓንቱና የምሳ ሣጥኑ ነበሩ።

«የላይልን ቁም ሳጥን ባዶ አድርግልን አሉኝ» አለ ቨርን። «ታውቂያለሽ ብዬ ነበር እኮ ማርቫ። እግዜርን፣ ታውቂያለሽ ብዬ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከየካቲት አሥር። እጁ እምቢ አለው። ቢላው ሁለቴ ሦስቴ ወደቀበት፤ አለቃው አየ። በቃህ አሉት፤ በዚያው ቀን።»

«ክፍሉስ?»

«ሄጄ ጠይቄ ነበር። ለቋል። አከራይቱም የት እንደሄደ አታውቅም።»

እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሥዕል እየቀባሁ ነበር። የገባኝ «እጁ እምቢ አለው» የምትለዋ ብቻ ናት። እጅ እንዴት እምቢ ይላል? እኔም ሒሳብ ሲሰጡኝ እጄ እምቢ አለኝ ብል ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ሳቄ መጣ። ከዚያ ቦት ጫማውን አየሁና ደነገጥኩ።

«አባዬ አሁን በምን ጫማ ነው የሚሠራው?»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ቨርን ኮፍያውን አወለቀና መልሶ አደረገው። «አዲስ ሰጥተውታል የኔ ማር» አለኝ። «ይሄ አሮጌው ነው።»

አመንኩት። ቨርን ዋሽቶኝ አያውቅም ነበር።

የዚያን እሑድ አባቴ ሲደውል እናቴ እኔን አላስቀደመችኝም። መነጋገሪያውን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና «ቨርን ዕቃህን አመጣው» አለችው። ትንሽ ቆይታ ዘጋችው። እኔ ሳላወራው ተዘጋ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ስልኩ እሑድ መጮኹን ተወ። መስመሩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ እያነሳሁ አዳምጠው ነበር። ይሠራል።

እናቴ የሕዝብ ቆጠራውን ሥራ ያገኘችው በሚቀጥለው ወር ነው። ቅጽ በፖስታ ተልኮለት ያልመለሰን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ነው ሥራው። ሰማያዊ መመሪያ መጽሐፍ ሰጧት፤ ፈተናም ነበረው። ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ስታጠና እኔ መጽሐፉን ይዤ እጠይቃታለሁ። እንደዚያ ሆነን አብረን የተቀመጥንበት ሌላ ጊዜ ብዙ የለም።

«ተማሪ የሆነ ልጅስ?» እላታለሁ።

«በሚማርበት ከተማ።»

«ሆስፒታል ለጥቂት ቀን የገባ?»

«በቤቱ።»

«ለሥራ ብሎ ሳምንቱን ሌላ ከተማ የሚያድር፣ ቅዳሜና እሑድ ግን ቤቱ የሚመጣ ሰውስ?»

«አብዛኛውን ሌሊት በሚያድርበት ይቆጠራል።»

«ትክክል! እንደ አባዬ!»

መጽሐፉን ከእጄ ወሰደችና «በቃን ለዛሬ» አለችኝ። የሰለቻት መሰለኝ። እኔ ግን ያችን ሕግ ወደድኳት፤ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ እንደ ጸሎት እደግማት ነበር። ሰው ሁሉ የሚቆጠርበት አንድ ቦታ አለው፤ ማንም አይጠፋም ማለት ነው። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ ሕግ የለም።

ሥራው ላይ ልጅ ይዞ መሄድ ክልክል ነበር። የሚይዘኝ ሰው ስላልነበረ ግን ከትምህርት ቤት መልስ መኪናው ውስጥ ታስቀምጠኛለች። «አትውረጂ፣ አትስሚ» ትለኛለች። መስኮቱን ዝቅ አድርጋልኝ ነው የምትሄደው፤ በረንዳዎቹ ደግሞ ቅርብ ናቸው። ሁሉንም ሰምቻለሁ።

ዊልማ የምትባል፣ ቀድሞ ፋብሪካው ውስጥ ከእናቴ ጎን ትሰፋ የነበረች ሴት ነበረች። ከማረጃው ገና መመለሷ ነው፤ ደረጃው ላይ ተዘርጥጣ እግሯን ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፋለች።

«ወደ ሥራሽ ለመሄድ ስንት ደቂቃ ይፈጅብሻል?» አለቻት እናቴ ከቅጹ ላይ እያነበበች።

«አንቺም እያወቅሽው ትጠይቂኛለሽ እንዴ? ዘጠና። መመለሻውንም ልንገርሽ?»

«መመለሻውን አይጠይቅም።»

«አይጠይቅም?» ዊልማ ባልዲው እስኪንቦጫረቅ ሳቀች። «እንግዲያ አውቀውታል በያ! የምንመለስ አይመስላቸውም።»

እናቴም ሳቀች። ቀጥላ ሰባት ቤት አንኳኳች። ሦስቱ ባዶ ነበሩ። በባዶዎቹ ቤቶች መስኮት በእጇ ጋርዳ ወደ ውስጥ ታያለች፤ ከዚያ ቅጹ ላይ ምልክት አድርጋ ትመለሳለች። እኔ ከምታያቸው ቤቶች ሰው የምትሰውረው እሷ ትመስለኝ ነበር።

ሚስተር ኦሪን ቲግ ዘንድ የደረስነው ግንቦት ውስጥ ነው። ሚስቱ ሞታለች፤ አንድ ልጁ ከርቲስ ፋብሪካው በተዘጋ በወሩ ቴክሳስ ሄዷል። ሽማግሌው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሁለት ብርጭቆ ሎሚናት ቀድቶ በረንዳው ላይ እየጠበቃት ነበር።

«ከእርስዎ ጋር ማን ይኖራል ሚስተር ቲግ?»

«እኔና ከርቲስ።»

«ከርቲስ ቴክሳስ አይደለም እንዴ?»

«ለሥራ ነዋ! ዕቃው እዚህ ነው፤ አልጋው እዚህ ነው። ነይ ግቢና እዪው፤ አንሶላውን በየሳምንቱ እቀይርለታለሁ።»

«አብዛኛውን ሌሊት ግን የሚያድረው የት ነው?»

«ማርቫ፣ ልጅ ሆነሽ ከዛፌ ላይ ፖም ስትሰርቂ እያየሁ ዝም ያልኩሽ ሰው ነኝ። አንድ ስም ብትጨምሪ ምን ይጎድልብሻል? ከሺህ ሰው ከወረድን ትምህርት ቤቱን ሊዘጉት ነው እየተባለ ነው። መኪናው ውስጥ ያለችው የራስሽ ልጅ እኮ ናት።»

«አውቃለሁ፣ ሚስተር ቲግ። ግን የማይኖር ሰው አልጽፍም። ማልኩበት እኮ።»

«የማይኖር።» ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «የማይኖር አልሽኝ። ሞተ ያልሽኝ ነው የመሰለው።»

እናቴ የአንድ ሰው ቅጽ ሞልታ አስፈረመችው። ሎሚናቱን አልጠጣችውም። መኪናው ውስጥ ገብታ ቁልፉን ከተተች፤ ግን አላስነሳችውም። መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ፊት ለፊት አፈጠጠች።

«ዋሸ፣ አይደል እማዬ?»

«አልዋሸም።»

«ታዲያ ለምን አልጻፍሽለትም?»

«ስለማይኖር።»

በሽማግሌው የተናደደች መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው፣ ባሏን ምን ብላ እንደምትጽፈው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እያሰላሰለች ነበር። የራሳችን ቅጽ ወጥ ቤት ካለው ማቀዝቀዣ ላይ፣ ከዳቦ መጠቅለያው ሥር፣ ከመጋቢት ጀምሮ ተቀምጧል። እኔ ሥራ በዝቶባት የረሳችው መስሎኝ ነበር።

ሠራተኛ የራሱን ቤት መቁጠር ስለማይፈቀድለት፣ ሰኔ ውስጥ የእናቴ የበላይ የሆነችው ሚስስ ኮልቪን ራሷ መጣች። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ወጥ ቤት ገብታ ጫማዋን አወለቀች፤ እናቴ በረዶ ያለበት ሻይ ሰጠቻት። እኔ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። የእናቴን ሥራ ሌላ ሰው ሲሠራው ልመለከት፣ ስህተትም ካለ ልይዝ ተዘጋጅቻለሁ።

«የመጨረሻዋ ቅጼ አንቺ ነሽ ማርቫ» አለች ሚስስ ኮልቪን እርሳሷን እየቀረጸች። «የአንቺን ያህል ንጹሕ ሥራ ያመጣልኝ ሰው የለም። በይ እንጨርሰው። አንደኛ ሰው?»

«ማርቫ ኬስለር።»

«ሁለተኛ?»

እናቴ ብርጭቆዋን አዞረች። «ላይል ኬስለር። ባለቤቴ።»

«ባለፈው ሳምንት ሠርቷል?»

«ሠርቷል። ዳንፎርዝ።»

«በምንድን ነው የሚሄደው?»

«በመኪና። አራት ሆነው።»

«ከቤት የሚወጣው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል። ምሳውን አስይዘዋለሁ።»

«ምን ያህል ደቂቃ ይፈጅበታል?»

«ዘጠና» አለች እናቴ። ድምፅዋ ሞቅ እያለ ሄደ፤ የምትናገረውን እያየችው ይመስል ነበር። «በረዶ ሲሆን መቶ ሃያም ይሆናል። እራት ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል።»

ሚስስ ኮልቪን እየጻፈች ነበር። እኔ ደግሞ ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ተሳሳትሽ!»

«ዳርላ፣ ውጪ ሄደሽ ተጫወቺ።»

«ተሳሳትሽ እኮ! አባዬ እዚህ አይቆጠርም። አብዛኛውን ሌሊት የሚያድረው ዳንፎርዝ ነው፤ በሚያድርበት ነው የሚቆጠረው። ለሚስተር ቲግ እኮ እንደዚያ ነው ያልሽው!» ወደ ሚስስ ኮልቪን ዞርኩ። «ትርፍ ሰዓት ስላለው ቅዳሜም አይመጣም። ከየካቲት ጀምሮ አልመጣም።»

እርሳሱ ቆመ። ማቀዝቀዣው ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። ሚስስ ኮልቪን እናቴን ሳይሆን ሻይዋን እያየች «ልጅ ብዙ ነው የሚያወራው» አለች። «እኔ ጆሮዬ ደከም ይላል። ምንም አልሰማሁም ማርቫ። ዘጠና ደቂቃ ነው ያልሽኝ።»

እናቴ እኔን አየችኝ። ቁጣ አልነበረም። እንደዚያ ዓይነት አስተያየት ከዚያ በፊት አላየሁባትም፤ ስለዚህ የተደነቀችብኝ መሰለኝ።

«ልጅቷ ልክ ናት» አለች። «ይፋቁት።»

«ማርቫ፣ ግድ የለሽም…»

«ለኦሪን ቲግ ልጁን አልጻፍኩለትም። ይፋቁት።»

ሚስስ ኮልቪን እርሳሷን ገልብጣ ጫፉ ላይ ባለው ላጲስ ፋቀች። ስሙን፣ ዳንፎርዝን፣ አራቱን ሰው፣ አሥር ሰዓት ተኩልን፣ ዘጠናውን። ወረቀቱ ሊቀደድ ደረሰ። «እፍ» ልትለው ስትል እናቴ እጇን ዘርግታ ከለከለቻት፤ የላጲሱን ትቢያ በመዳፏ ሰብስባ የቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ሁለተኛ ሰው፣ ዳርላ ኬስለር። ልጅ» አለች።

ሚስስ ኮልቪን ስትወጣ ራሴን ዳበስ አደረገችኝና «አንቺም ስታድጊ ጎበዝ ቆጣሪ ይወጣሻል» አለችኝ። አላየችኝም። እኔ ግን የዚያን ዕለት ለቨርን ሚስት፣ በማግስቱም ለጓደኞቼ፣ ስህተት እንዴት እንዳረምኩ ስናገር ዋልኩ። አባቴ በትክክለኛው ቦታ ተቆጥሮልኛል። እኔ ባልኖር ሁለት ቦታ ይቆጠር ነበር፤ እንደዚያ ነበር የማስበው።

የከተማዋ ሕዝብ ቁጥር ዘጠኝ መቶ ስልሳ አንድ ሆነ። ሚስተር ቲግ ቁጥሩ ሳይነገር ሞተ፤ ከርቲስ ለቀብሩ መጥቶ በማግስቱ ተመለሰ። ትምህርት ቤቱ በሦስተኛው ዓመት ተዘጋና እኛም ልጆቹ በጨለማ እየተነሳን ዳንፎርዝ በአውቶቡስ መመላለስ ጀመርን። ደስ የሚል ቦታ አልነበረም።

እናቴ ግን ከእኔ በፊት ነበር የጀመረችው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የቆጠራው ሥራ አለቀና ቨርንን «ጋቢናው ባዶ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ባዶ ነበር። የአባቴ ቦት ጫማ ሰፋት፤ ሁለት ካልሲ ደርባ አደረገችው። ከዚያ በኋላ የማለዳውን የመኪና በር ድምፅ ስሰማ በመስኮት ማየት ተውኩ። ቁርሴን ብቻዬን በልቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬ እወጣለሁ። ማታ ስትመጣ በረኪና ትሸታለች። አሥራ ስድስት ዓመት ተመላለሰች። ስለ አባቴ ስጠይቃት «ሥራ ፍለጋ ሄዷል» ትለኛለች፤ ትንሽ ቆይቼ መጠየቁን ተውኩ።

አባቴን ያገኘሁት በሃያ አራት ዓመቴ ነው። አርካንሳው ውስጥ ካለ የመንግሥት ክሊኒክ ደብዳቤ መጣልኝ፤ ሳንባው ታሟል፣ የቅርብ ዘመድ ብሎ የኔን ስም ሰጥቷል። ሰው የጣለው ተጎታች ቤት ውስጥ ነበር የሚኖረው። ሲያየኝ ከወንበሩ ሊነሳ ሞከረ፤ ቀኝ እጁ እንደ ጭልፋ ታጥፋ ደረቱ ላይ ቀርታለች። ጸጉሩ አልቋል። «ጫጩቴ» አለኝ፤ ከዚያ ደግሞ ያፈረ መሰለና «ዳርላ» አለ።

ሁለት ቀን አብሬው ቆየሁ። የተናገረው በሁለተኛው ቀን ነው፣ ሳልጠይቀው። ከማረጃው ካባረሩት በኋላ ክፍሉን ለቆ አንድ አሮጌ መኪና ውስጥ፣ እዚያው ዳንፎርዝ ወንዝ ዳር፣ ከአንድ የእህል ጎተራ ጀርባ ሲያድር ከርሟል። የሚደውልልን ከመንገድ ዳር ስልክ ነበር።

«በዚያ ጸደይ አንድ ቆጣሪ መጥቶ መስኮቱን አንኳኳ» አለኝ። «‹እዚህ የሚኖር ሰው አለ?› አለኝ። ውስጡ ተኝቼ እያየኝ እኮ ነው! ‹የለም› አልኩት። እሺ ብሎ ሄደ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ውኃ ሰጠሁት።

«ሰኔ መጨረሻ ላይ ሥራ አገኘሁ። የከባድ መኪና ማቆሚያ ቦታ፣ መጥረግ። በግራ እጅ ይቻላል። እሑድ ደወልኩ፤ ለእናትሽ ዓርብ እመጣለሁ ልላት። አንቺ ቨርን ቤት እንደሆንሽ ነገረችኝ። ያሰብኩትን ሳልናገር ቀደመችኝ። ‹ቆጣሪዋ መጥታ ነበር› አለችኝ። ‹ጽፌህ ነበር፤ አስፋቅኩህ። ዳርላ ራሷ ናት እዚህ አይኖርም ያለችው።›»

«እንደዚያ አላልኩም» አልኩ። «አባዬ፣ የመመሪያውን ሕግ ነበር የምናገረው። ትሠራለህ ብዬ ነው። ትርፍ ሰዓት ነው ብለኸኝ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር።» በደህናው እጁ ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። «አሁን አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን አላወቅኩም። ልጄም ካለች ልክ ናት አልኩ። ዘጋሁትና ወደ ደቡብ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርኩ።»

አብረን እንሂድ ብዬ ለመንኩት። አልመጣም። በሚቀጥለው ዓመት በመከር ወራት ሞተ፤ እኔ የደረስኩት ከተቀበረ ከአራት ቀን በኋላ ነው።

ከዚያ ሌንዌል ሄድኩ። እናቴ ጓሮ ተቀምጣ ባቄላ እየፈለፈለች ነበር፤ የእሷም ጣቶች ያኔ መታጠፍ ጀምረዋል። ከአጠገቧ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። መኪናውን፣ ቆጣሪውን፣ በግራ እጁ ያገኘውን ሥራ፣ ዓርብ ሊመጣ እንደነበር። የመጨረሻውን ስናገር እጆቿ ቆሙ።

«ዓርብ?» አለች።

«ዓርብ።»

የጎረቤት ውሻ ጮኸ፤ አንድ መኪና በዋናው መንገድ አለፈ።

«አንቺ ልክ ነበርሽ» አለችኝ በመጨረሻ። «ደግሜ ለእሱ የነገርኩት እኔ ነኝ። እንዲያመው ብዬ ነው። ወዲያው ነው የጸጸተኝ። ሳይዘጋው በፊት ሲያለቅስ ሰማሁት፤ ‹ላይል፣ ላይል› አልኩ፤ ተዘጋ። መልሼ ልደውልለት…» ባቄላውን ከጭኗ ላይ አራገፈች። «የምደውልበት ቁጥር አልነበረውም።»